ስለ ዊኪ ገጽ የጽሑፍ ማሰናጃ ምልክቶች ለጀማሪዎች የተሰጠ መግለጫ

የሒሳብ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገቢና ወጪው በየዓምዱ ተለይቶ ያልተጻፈበት መዝገብ፣ ቍጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ከጻፈው ሰው በቀር ለሌላ አይጠቅምም። ጸሓፊው በታመመ ወይም ሥራውን በለቀቀ ጊዜ መዝገቡም አብሮት ዲዳ ይሆናል። ብዙ ሰዎች በኅብረት በሚጽፉትና በሚያርሙት የዊኪ ገጽ ላይም የሚደርሰው ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አዲስ የሆኑ አንባቢዎቻችን ይረዱት ዘንድ፣ ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ከነአገልግሎታቸው በአጭሩ እንገልጻለን።

ዊኪ ማለት አንባቢው ራሱ ሊያርመው የሚችል የድረ ገጽ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ዊኪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ያቋቋመው አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ከሆነው ቃል ነው። ዊኪፔዲያ በ2001 ተመሠረተ፤ በአማርኛ የሚጻፍ ክፍልም አለው። ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሜዲያዊኪ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ፣ የንግድ ድርጅቶችም ለውስጥ መመሪያዎቻቸው ሊገለገሉበት ይችላሉ። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ምልክቶች የዚሁ ፕሮግራም ናቸው።

1ኛ፤ አንቀጽ። አዲስ መስመር መጀመር ብቻውን አንቀጽን አይለይም፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን መስመሮች አያይዞ ያሳያቸዋልና። በሁለት አንቀጾች መካከል አንድ ባዶ መስመር መተው ያስፈልጋል። እንደ ደብዳቤ ልማድ የአንቀጹን መጀመሪያ ገባ ማድረግም አይገባም። በመስመር መጀመሪያ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ብትገኝ፣ ጽሑፉ በሣጥን ውስጥ ገብቶ በጽሕፈት መኪና የተመታ መስሎ ይታያል። ይህች ስሕተት ጀማሪውን ታስደነግጣለች፤ መድኃኒቷ ግን ባዶዋን ቦታ ማጥፋት ብቻ ነው።

2ኛ፤ ርእስ። ርእስ ለብቻው በአንድ መስመር ላይ ሆኖ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት የእኩል ምልክት ይደረግበታል፤ ንኡስ ርእስ ሲሆን ሦስት ሦስት ይደረግበታል። ይኸውም እንደሚከተለው ነው፤

== የቡና አዘገጃጀት ==
=== የታጠበ ቡና ===

በየጎኑ አንድ አንድ ምልክት የሚደረግበት ርእስ የገጹን ስም ያህል ደረጃ ስላለው፣ በገጹ ውስጥ አይጻፍም። ፕሮግራሙ ከነዚህ ርእሶች ማውጫ ያበጃል፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ መሣሪያም ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረው በርእሶቹ ነው። ስለዚህ ተራ መስመርን በማድመቅ ብቻ ርእስ ያስመሰለ ሰው፣ ለዓይን ሰጠ እንጂ ለማውጫው አልሰጠም።

3ኛ፤ ማድመቅና ማዝመም። ቃሉ በግራና በቀኝ በሦስት ሦስት ጭረት ሲታጠር '''ይደምቃል'''፤ በሁለት ሁለት ሲታጠር ''ይዘማል''፤ በአምስት አምስት ሲታጠር ሁለቱንም ይሆናል። ጭረቱ ቀጥ ያለው ነጠላ ጭረት መሆን አለበት። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች በራሳቸው አጕብጠው የሚተኩትን ጭረት ዊኪው አያውቀውም። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎችም ያንን ቁልፍ ለሌላ አገልግሎት ስለሚይዙት፣ ምልክቱ እንቢ ሲል ወደ እንግሊዝኛው የቁልፍ አቀማመጥ መለስ ብሎ መጻፍ ይበጃል።

ዳሩ ግን ማድመቅ በልክ ይሁን። የብራና ጸሓፊዎቻችን ቀዩን ቀለም ለአርእስትና ለቅዱሳት ስሞች ይለዩት ነበር እንጂ ገጹን በሙሉ አላቀሉትም፤ ሁሉ ቢቀላ ኖሮ አንዱም ጎልቶ ባልታየ ነበር። በዊኪፔዲያ ልማድ የሚደምቀው፣ የገጹ ስም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲጠቀስ ነው።

4ኛ፤ ዝርዝር። ቅደም ተከተል ለሌለው ዝርዝር በየመስመሩ መጀመሪያ የኮከብ ምልክት (*) ይደረጋል። ቅደም ተከተል ላለው ግን ይህ (#) ምልክት ይደረጋል፤

# እሸት ቡናውን መልቀም
# መፈልፈል
# ማብላላት
# ማጠብ
# ማድረቅ

ቍጥሩን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሆነ፣ ኋላ ሌላ ሰው በመካከል አንድ ተግባር ቢጨምር የቀረው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ነገር ግን በመስመሮቹ መካከል ባዶ መስመር የተተወ እንደሆነ፣ ቍጥሩ እንደገና ከ1 ይጀምራል። በሥራ መመሪያ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ «አራተኛውን ፈጽም» የተባለ ሠራተኛ አራተኛውን ፈልጎ አያገኘውምና።

5ኛ፤ ማያያዣ። አንዱን ገጽ ከሌላው ለማገናኘት የገጹ ስም በድርብ ቅንፍ ይታጠራል፤ [[ቡና]] እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ስለሚረባ፣ የገጹን ስም አስቀድሞ፣ ቀጥ ያለ መስመር አስከትሎ፣ ለንባብ የሚስማማውን ቃል መጻፍ ይቻላል፤ [[ቡና|ከቡናው]] ሲባል አንባቢው የሚያየው «ከቡናው» የሚለውን ብቻ ነው። ወደ ውጭ ድረ ገጽ ለማገናኘት ግን በነጠላ ቅንፍ ውስጥ አድራሻው፣ ቀጥሎም ባዶ ቦታ፣ ከዚያም መጠሪያው ይጻፋል።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሓፊ የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ እንደዚሁም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ለፕሮግራሙ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ተብሎ የተሰየመውን ገጽ «ጸሐይ» ብሎ የሚጠራ ማያያዣ፣ በዚያ አጻጻፍ ሌላ ገጽ ወይም ማዞሪያ ከሌለ፣ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ቀይ ማለትም የሌለ ገጽ ማለት ነው። ስለዚህ ቀይ ማያያዣ ሲታይ፣ አዲስ ገጽ ከመክፈት በፊት ሌሎቹን አጻጻፎች መፈተሽ ይገባል፤ አለዚያ ስለ አንድ ነገር ሁለት ገጽ ይከፈትና ዕውቀቱ ይከፋፈላል።

እነዚህን ሁሉ ከመመዝገብ አስቀድሞ በቅድመ ዕይታ መመልከት፣ ምን እንደ ታረመም በአጭር ማስታወሻ መግለጽ መልካም ልማድ ነው። የቀድሞው ጽሑፍ ሁሉ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቈይ፣ የተሳሳተ እርማት ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል፤ ጀማሪው በፍርሃት እጁን ሊሰበስብ አይገባውም። ምልክቶቹን ሳያሳዩ የሚያጽፉ መሣሪያዎችም በዛሬው ጊዜ አሉ፤ ቢሆንም ሌላው ያበላሸውን ለማቃናት ምልክቱን ማንበብ ማወቅ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ለጌጥ አይደለም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የቆዳን፣ የሰሊጥንና የቡናን ሙያ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነጋዴዎች ግን በመካከላችን አሉ፤ ዕውቀታቸውም በጽሑፍ ካልተቀመጠ ከነርሱ ጋር ያልፋል። እርግጥ ነው፤ ዊኪፔዲያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስላልሆነ የራስን ድርጅት ማወደሻ ሊሆን አይገባም፤ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰውም ከፋዩን የመግለጽ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ጀንፈል ከታጠበ ቡና በምን እንደሚለይ በማስረጃ አስደግፎ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ለሙያው ቅርስ ይተዋል። ለዚህም የሚያስፈልጉት ምልክቶች ከጣት ቍጥር አያልፉም፤ በመለማመጃ ገጽ ላይ አንድ ቀን የሞከራቸው ሰው በማግሥቱ ሌላውን ሊያስተምር ይችላል።