ሴፍቲኔት፦ በሬ ሳይሸጥ ሊደርስ የሚገባው ክፍያ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ገበሬው ባጭሩ «ሴፍቲኔት» የሚለው፣ ድርቅና የቀለብ እጥረት በሚደጋገምባቸው የኢትዮጵያ ወረዳዎች ለሚኖሩ ችግረኛ ቤተሰቦች በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል የሚከፈልበት መንግሥታዊ አሠራር ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በጠፋ ቁጥር የተረጂው ብዛት ተጠንቶ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርብ ነበር፤ ጥሪው ምላሽ አግኝቶ እህሉ ወረዳ እስኪደርስ ግን ወራት ያልፋሉ። በ1995ቱ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ከፈለገ በኋላ፣ ከተረጂዎቹ ብዙዎቹ ዝናቡ በሰመረበት ዓመትም ቀለባቸው ከአዝመራ አዝመራ እንደማያደርሳቸው ስለታመነበት፣ መንግሥትና ለጋሾች አስቀድሞ በጀት የሚያዝለት ቋሚ ክፍያ እንዲዘረጋ ተስማሙ።

የእርዳታ መዘግየት የሚያደርሰው ጉዳት በከብት ገበያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ድርቅ ሲገባ ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚነዳ የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ደግሞ ይንራል፤ በሬውን በርካሽ የሸጠው ገበሬም በተከታዩ ክረምት ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚጠምደው ስለሌለው መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ለመስጠት ይገደዳል፣ የምርቱንም ግማሽ ያጣል። ፕሮግራሙ «ጥሪት» የሚለው ይህንኑ የቤተሰብ ሀብት፣ ማለትም በሬውን፣ ላሟን፣ በጎቹንና የእርሻ መሣሪያውን ነው።

ተጠቃሚዎችን የሚመለምለው ነዋሪዎች የሚወከሉበት የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሲሆን፣ የስም ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጎተራ ስለሚያውቅ ይህ አሠራር ከሩቅ ከሚደረግ ምርጫ የተሻለ ነው፣ ምንም እንኳ ዝምድናና ተሰሚነት አልፎ አልፎ ጣልቃ ቢገቡበትም። መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተሰብ ክፍያውን የሚያገኘው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ፣ እርከን ሠርቶ፣ ቦረቦር በድንጋይ ክትር ዘግቶ፣ ኩሬ ቆፍሮ ወይም የገጠር መንገድ ጠርጎ ነው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች «ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው ክፍል ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል፤ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ለጊዜው ወደዚሁ ይዛወራሉ።

ፕሮግራሙ ሲጀመር ስሌቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን፣ በዓመት 6 ወር ነበር። በመነሻው ዓመት የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ስለነበር፣ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ሙሉ ድርሻው ቢሰጠው በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ እህል ይደርሰው ነበር። ይሁንና በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እጅግ ሲንር የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ብቻ በማደጉ ብሩ የሚገዛው እህል በጣም አነሰ፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ከገንዘቡ ይልቅ እህሉን መረጡ፣ ምርጫቸውም ትክክል ነበር።

የማኅበረሰብ ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት እንዲከናወን የተደረገው የክረምቱ እርሻ ከመድረሱ በፊት የገበሬው ጉልበት ስለሚተርፍና የጎተራው እህል እየተሟጠጠ የሚሄደው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ነው። የመጋቢት ክፍያ በሐምሌ ከደረሰ ግን ቤተሰቡ ያንን ጊዜ ያለፈው ተበድሮ ወይም በሬውን ሸጦ ነውና፣ ገንዘቡ ሙሉ ቢሆንም የተመደበለትን ሥራ አልሠራም። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎች በየዓመቱ ከሚያቀርቡት የእርከን ኪሎ ሜትርና የተጠቃሚ ብዛት አስቀድመው፣ የየወሩ ክፍያ በስንተኛው ቀን በገበሬው እጅ እንደገባ ሊያስታውቁ ይገባል።