ኮምፒውተሩ ምን እየጠበቀ ነው?

ቂሊንጦ የተማሪ ሰፈር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ቀን ለአውቶካድና ለማትላብ የሚከፈተው ላፕቶፕ ማታ ለኳስና ለመኪና ጌም ይውላል። ከግቢው ውጭም፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ ታላቅ ወንድሙ ከሥራ ገብቶ ላፕቶፑን እስኪለቅለት የሚጠብቅ ታዳጊ አይጠፋም። ማሽኖቹ በአብዛኛው ይመሳሰላሉ፦ ውጭ አገር አገልግለው የመጡ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራማቸው 4 ወይም 8 ጊጋ፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌላቸው። ቅሬታውም ይመሳሰላል፦ «ጌሙ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ግን ይቆራረጣል።»

ለዚህ ቅሬታ የሚሰጠው ምክር ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ፎርማት አስደርገው»፣ ወይ «ሽጠህ ሌላ ግዛ»። ሁለቱም ችግሩ ሳይታወቅ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። በእኔ እምነት ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚያች ቀጥ ባለባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ምን እየጠበቀ ነበር?

መጀመሪያ ዝግታንና መቆራረጥን እንለይ። ጌም ማለት በፍጥነት የሚቀያየሩ ሥዕሎች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ መጨረስ አለበት፤ በሰከንድ 30 ከሆነ 33.3 ሚሊሰከንድ ያገኛል። አሁን አንድ ሰከንድ ውሰዱ። 59ኙ ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ተሠሩ፣ አንዱ ብቻ 115 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። ድምሩ ልክ አንድ ሰከንድ ነው፤ ቆጣሪውም «60» ብሎ ያሳያል። ዓይናችሁ ግን ያቺን አንዷን አይቷታል፤ ኳሱ ግብ ጠባቂውን ያመለጠው በእሷ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ቂሊንጦ ድረስ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው የጉዞውን አማካይ ፍጥነት ቢነግሩት መንገድ ላይ ተገትሮ የቆየበትን ጊዜ አይረሳም።

የጌም መርማሪዎችም ለረጅም ጊዜ በዋናነት የሚያዩት አማካዩን ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ስኮት ዋሰን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ጸሐፊ በቴክ ሪፖርት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሰከንዱን ከፍቶ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት እንደሚገባ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ነው መለኪያው የተቀየረው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ከሚባለው ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚመጣው ሪቫቲዩነር ይህንኑ በነፃ ያሳያችኋል፤ የፍሬም ጊዜውን በግራፍ አድርጋችሁ ማያ ገጹ ጥግ ላይ አስቀምጡት። መስመሩ ከፍ እንዳለ ቀጥ ብሎ ከሄደ ማሽኑ አቅሙ አነሰ ማለት ነው። መስመሩ ዝቅ ብሎ እየሄደ ድንገት እንደ መርፌ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ግን ማሽኑ አቅም አለው፤ የሆነ ነገር ይዞታል።

ምን እንደያዘው ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ምረጡ። ጌሙን በመስኮት አድርጋችሁ አጠገቡ እያያችሁ ተጫወቱ፣ ወይም ሩብ ሰዓት ተጫውታችሁ ድንገት ወደ እሱ ተመለሱ።

በቅድሚያ የሲፒዩውን ፍጥነት እዩ። 2.5 ጊጋኸርትዝ መሆን ያለበት ፕሮሰሰር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ 0.8 አካባቢ ተጣብቆ ከቀረ፣ ራም ላይ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ይህ እኛ አገር ከሚገባው በላይ ችላ የተባለ ምክንያት ነው። ዴልን የመሰሉ ላፕቶፖች ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ይጠይቁታል፤ ኦሪጅናል ያልሆነ ወይም መለያ ሽቦው የተበጠሰ ቻርጀር መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ማሽኑ ኃይሉ እንዳይበቃው በመስጋት ፕሮሰሰሩን ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ያወርደዋል። ሲነሣ እንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ እናልፈዋለን። የጓደኛን ትክክለኛ ቻርጀር ተውሶ መሞከር ምንም አያስከፍልም። መብራት ሲሄድ ጌሙ ወዲያው የሚከብደውም በዚሁ ዝምድና ነው፦ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ራሱን ይቆጥባል። ያን ጊዜ ጌሙን አታሙት።

ፍጥነቱ በደህና ጀምሮ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ጉዳዩ ሙቀት ነው። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ሲበርዱ ይጨምራሉ፤ እንደገና ይቀንሳሉ። መቆራረጡም ከዚያ ይመጣል። እዚህ ላይ የቂሊንጦ ልጅ ሁለት ነገር ይጫነዋል። አንደኛው አቧራ ነው፤ ግንባታና ከባድ መኪና በማይለየው ሰፈር፣ በተለይ በበጋ፣ የፋን መተንፈሻ በጥቂት ወራት ይደፈናል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ከፍታው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ተመሳሳይ ዙር ቢዞርም ተሸክሞ የሚያወጣው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ሙቀትም የሚወስደው ያነሰ ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ብትወርዱ አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ራሱ ይሞቃል፤ ስለዚህ መሰደድ አያዋጣም።

የሚያዋጣው ላፕቶፑን ከአልጋና ከብርድ ልብስ ላይ ማንሣት፣ ከኋላ በሁለት ጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ፣ ውስጡን ማስጠረግና ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ማስቀየር ነው። ሰርቪስ ስታስደርጉ ፔስቱም መቀየሩን ጠይቁ፤ በብሩሽ ተጠርጎ ብቻ የሚመለስ አለ። አንድ ነፃ ዘዴም አለ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አድርጉት። አንድ በመቶ ይመስላል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዲሮጥ የሚያደርገውን ቱርቦ ያጠፋዋል። በቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ አንድ ቺፕ ላይ ሆነው አብዛኛውን ጊዜ 15 ዋት ብቻ ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲጎመጅ ሌላው ይራባል። ቱርቦው ሲጠፋ ከፍተኛው ቁጥር ይወርዳል፣ መስመሩ ግን ይረጋል። በሁሉም ጌም አይሠራም፤ አልጠቀመም ካላችሁ ወደ 100 መልሱት።

አሁን ወደ ራም እንምጣ፤ ከሚገዙ ነገሮች ሁሉ መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነውና። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለሥዕል የሚሆን የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚበደረው ከራሙ ነው። 8 ጊጋ ያለው ኮምፒውተር በእርግጥ 8ቱንም ለጌሙ አይሰጥም፤ ዊንዶውስ ይወስዳል፣ ክሮም ከተከፈተ ክሮም ይወስዳል፣ ግራፊክሱ ይወስዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 እንኳን በትንሹ 4 ጊጋ፣ ደህና ለመሥራት ደግሞ 8 ጊጋ ይጠይቃል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይጥላል፤ ጌሙ ያንኑ መልሶ ሲፈልግ ግራፉ ላይ ያ መርፌ ይወጣል። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ 90 በመቶ ካለፈ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ከመጠኑ በላይ የሚገርመው ግን ራሙ መረጃ የሚያመላልስበት መንገድ ነገር ነው። በእነዚህ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ የራም መሰኪያ ስሎት ሁለት ሲሆን አንዱ ባዶውን ይመጣል። 2400 ተብሎ የተጻፈበት አንድ ዲዲአር4 ራም በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሁለት ሆነው ሲገጠሙ መንገዱ እጥፍ ሆኖ 38.4 ይደርሳል። የድሮው ዲዲአር3 ባለ 1600ም እንዲሁ ከ12.8 ወደ 25.6 ይወጣል። ለጽሑፍና ለኤክሴል ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ከራም ለሚበደር ግራፊክስ ግን ቀለቡ ነው። ኢንቴል ራሱ ይህን ያህል ቦታ ሰጥቶታል፦ አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው ግራፊክሱ ራሙ በአንድ መንገድ ብቻ ከተገጠመ ዩኤችዲ ግራፊክስ በሚል በተራው ስም ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ካለው ማሽን በጌም ሊያንስ ይችላል። ድምሩ እኩል መሆኑ አያድነውም።

ሌላም ወጪ የሌለው ፍተሻ እዚሁ ላይ አለ። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ሆኖ ከተጫነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን ራም አይጠቀምበትም። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲስተሙ የሚናገረውን ገጽ አይታችሁ 32 ካገኛችሁ፣ ያን ጊዜ «ፎርማት አስደርገው» የሚለው ምክር ልክ ነው፤ ባለ 64 ቢቱን ግን አስጭኑ።

ዲስኩስ? በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የተፈለገው መረጃ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ ብቻ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንበቢያው ቦታ እስኪይዝ የሚፈጀው ሲጨመር የአንዱን ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም። ጂቲኤን የመሰለ ጌም ከተማውን በሙሉ ራም ላይ አይጭንም፤ መኪናችሁ ሲሮጥ ከፊታችሁ ያለውን መንደር ከዲስክ እየቀዳ ያቀርባል። ቆማችሁ ደህና የሆነው ጌም ስትፈጥኑ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ላይም ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ፣ መልሱ ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ነው። ፍሬሙን በቁጥር አያበዛውም፤ ድንገተኛዎቹን መቆሚያዎች ነው የሚያነሣቸው። ጌሙን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ የምትጫወቱ ካላችሁ ደግሞ ገመዱን ከጥቁሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅላችሁ ወደ ሰማያዊው ሰኩት፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አንዳንዱ መቆራረጥ ግን የእናንተ ማሽን ጥፋት አይደለም። አዳዲስ ጌሞች ብርሃንና ጥላ የሚሠሩ ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ለየኮምፒውተሩ ግራፊክስ እዚያው ያዘጋጃሉ። አዲስ ፍንዳታ ወይም አዲስ ጠላት መጀመሪያ በታየበት ቅጽበት ጌሙ ቀጥ ይላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ አይልም። ውድ ማሽኖችም ላይ ይደርሳል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ኤልደን ሪንግ ሲወጣ የኮምፒውተር ተጫዋቾች በዓለም ዙሪያ ያማረሩት ስለ መቆራረጡ ነበር። የተዘጋጁት ሼደሮች ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። «ኮምፒውተር ያፀዳል» የሚባል ፕሮግራም በየቀኑ ካስሮጣችሁ እነሱን ይጠርጋቸውና ነገ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። እነዚህን ማፅጃዎች ብትተዉ ይሻላል።

ስለ ተሰበረ (ክራክ ስለ ተደረገ) ጌምም አንድ ነገር ላንሣ። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ይዞ ሄዶ ጌም ማስጫን የተለመደ ነው፤ አብሮ የሚጫነውን ግን ማንም አይነግራችሁም። በ2021 እ.ኤ.አ. አቫስት የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት ክራኮኖሽ ብሎ የሰየመውን ተንኮል አጋልጧል፤ በተሰበሩ ጌሞች ውስጥ ተደብቆ ከ222,000 በላይ ኮምፒውተሮችን በድብቅ ሞኔሮ የሚባል ዲጂታል ገንዘብ እንዲያመርቱ ያደርግ ነበር። ጌም ሳይከፈት ፋኑ የሚጮህ ማሽን ካላችሁ በዚህ በኩልም ፈትሹት።

ኦንላይን ስትጫወቱ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚዘል ከሆነ ግን ያ ኔትወርክ ነው፤ የፍሬም መስመሩ ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ እዚህ የተነገረውም አንዱ አይፈታውም። ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ያንኑ ጌም ለብቻችሁ ሞክሩት፣ ትለዩታላችሁ።

ምንም የሚገዛ ነገር ካልተቻለ የቀረው ጌሙን ከማሽኑ አቅም ጋር ማስማማት ነው፤ በዚህም ማፈር አያስፈልግም። 1920 በ1080 የሆነ ማያ ገጽ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ጌሙን ወደ 1280 በ720 ስታወርዱት ሥራው ከግማሽ በታች ይሆናል። ጥላውን አጥፉ ወይም ዝቅ አድርጉ፤ ከሚሰጠው ውበት ይልቅ የሚበላው ይበዛል። ቀጥሎ በሪቫቲዩነር ፍሬሙን 30 ላይ ገድቡት። ለምን 40 አይሆንም? የብዙ ላፕቶፕ ማያ ገጽ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 60 ለ30 ሲካፈል እያንዳንዱ ሥዕል እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል። 40 ላይ ግን አንዱ ሥዕል አንዴ፣ ሌላው ሁለቴ እየታየ መንገጫገጩ ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ለዓይን የከፋ ይሆናል። በ25ና በ55 መካከል ከሚዋዥቅ ጌም ይልቅ ቀጥ ያለ 30 ይሻላል ብዬ አጥብቄ እከራከራለሁ።

ራም ለመግዛት ወደ መገናኛም ሆነ ወደ መርካቶ ከመውጣታችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ከፍታችሁ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 (እዚያ ካልታየ ከድሮው ራም ጽሑፍ ላይ)፣ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ፣ ከስንት ስሎት ስንቱ እንደተያዘ። ዲዲአር3 ከሆነ ኤል የምትል ፊደል እንዳለችበትም የድሮውን ራም ጽሑፍ አንብቡ፤ ባለ ኤሉ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ የሚሠራ ሲሆን ተራውን የማይቀበሉ ማሽኖች አሉ። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ እዚያው ገጥሞ ያስነሣው፣ ሁለቱም ስሎት መያዛቸውን በዓይናችሁ አይታችሁ ክፈሉ።