የዎክማን ፍቅርና የአያት ድምፅ

ሰሞኑን አንድ የ21 ዓመት ወጣት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥቶ ነበር። በእጁ ከቁራሌው በጥቂት ብር የገዛውን አሮጌ ዎክማን ይዟል። እርሱ ሲወለድ የካሴት ዘመን እያበቃ ነበር፤ ሆኖም የድሮ ዎክማኖችን ይሰበስባል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል። ወደ እኛ የመጣው ግን ተጨንቆ ነው። የአባቱ አባት ከጅዳ በድምፅ ቀድተው ለቤተሰቡ የላኩትን ካሴት ከቤት ሳጥን ውስጥ አገኘ። በደስታ ዎክማኑ ውስጥ ከተተው፤ ዎክማኑም ካሴቱን በላው። አያቱ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል። ድምፃቸው ያለው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

የእርሱ ጭንቀት ነገ የሌሎቻችሁም ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ዎክማን ምንነት፣ ካሴት ለምን እንደሚበላና በየቤታችን ያሉትን ካሴቶች እንዴት ማትረፍ እንደሚቻል እናብራራለን።

ዎክማን ከየት መጣ?

ዛሬ የምናውቀውን ካሴት ለዓለም ያስተዋወቀው የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1963፣ ቦታው በርሊን ላይ የተካሄደ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979፣ የጃፓኑ ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ አቀረበ። ሰማያዊና ብርማ ቀለም ያለው፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ ነበር። ስፒከር የለውም፤ ድምፅም አይቀዳም። በዚህ ምክንያት “የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል?” ያሉ ጥቂት አልነበሩም። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ግን በሐሳባቸው ጸኑ። ዋጋው 33,000 የን ነበር፤ በመጀመሪያ የተመረቱት 30,000 ዎክማኖችም ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ተሸጠው አለቁ።

ሞሪታን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ጆሮውን ዘግቶ ብቻውን ሲያዳምጥ አጠገቡ ያለውን እንደ መናቅ ይቆጠርበታል ብለው ሰጉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ለሁለት ሰው የሚሆኑ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳዎች ተደረጉለት።

ሶኒ ለጃፓን ገበያ የካሴት ዎክማን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ 200 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል።

ወጣቱን ምን ማረከው?

ይህንኑ ጠየቅነው። በስልኩ ቂርኣት ሲከፍት ወዲያው መልእክት ይገባል፣ ጣቱም ሳያስበው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ካሴት ግን አንዱ ገጽ እስኪያልቅ 30 ወይም 45 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ያስደምጣል። ከዚህም ሌላ ሥራው በዓይን ይታያል። ሲበላሽ ይፈታል፤ ሲፈታ ምክንያቱ ይገኛል።

ካሴት ለምን ይበላል?

በዎክማን ውስጥ ካፕስታን የሚባል ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። ከአንዲት ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ጋር ሆኖ ክሩን እየጎተተ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር በሄዱ ፊት ያሳልፈዋል። ያለፈውን ክር የሚጠቀልለው ሌላኛው ጎማ ነው። በአብዛኞቹ ዎክማኖች ይህን ሁሉ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ነው። ላስቲክ ደግሞ በ30 እና በ40 ዓመት ውስጥ ይላላል፤ አንዳንዴም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ቀበቶው ሲላላ ካፕስታኑ ክሩን መግፋቱን ይቀጥላል፣ የሚጠቀልለው ጎማ ግን ይቆማል። ክሩ ይከመራል፣ ይጠመጠማል። የወጣቱም ካሴት የተበላው እንዲህ ነው።

ቀበቶ ይቀየራል። ሄድ በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል። ሞተርም ይገኛል። በክሩ ላይ የነበረ ድምፅ ግን ከጠፋ መለዋወጫ የለውም።

በካሴቶቻችን ላይ ምን አለ?

ለሙስሊሙ ዓለም ካሴት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቂርኣት ከየቤቱ የገባው በሬዲዮና በካሴት ነው። የግብፁ ሸይኽ ዐብዱልሐሚድ ኪሽክ ኹጥባዎችም ከካይሮ መስጂዳቸው አልፈው በካሴት ከአገር አገር ተሻግረዋል። በአገራችንም መንዙማና ዳዕዋ በካሴት እየተባዛ ከከተማ ወደ ገጠር ይሄድ ነበር። እነዚህ በብዙ ቅጂ ስለተሰራጩ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሊገኝ ይችላል። በሰፈር መስጂድ የተቀዳ ደርስ፣ በሠርግ ቤት የተቀዳ መንዙማ፣ ከዐረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያላቸው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያን ጊዜ በስህተት ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም። ማጫወቻውን አስቀድማችሁ በማያሳዝን ካሴት ሞክሩት፤ አንዱን ገጽ በሙሉ ሳያዛባ ካላጫወተ የቤተሰባችሁን ካሴት አትስጡት። ካሴቱን በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ክሩ ከተጣበቀ ወይም ሻጋታ ከታየበት አታጫውቱት፣ ለባለሙያ አሳዩት።

በደህና ከዞረ፣ በመጀመሪያው ማዳመጥ ላይ ቅዱት። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ ገመድ ማገናኘት ይበቃል። ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ የተናጋሪውን ስምና ዓመቱንም ጻፉበት። ካሴቱን ግን አትጣሉት።

አንድ ነገር እንጨምር። የድምፅ ደብዳቤ የቤተሰብ አማና ነው። የዕዳ፣ የጋብቻ፣ የቅሬታ ወሬ ሊኖርበት ይችላል። ቤተሰቡን ሳታስፈቅዱ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ አትልቀቁት።

ወጣቱ ምክሩን ሰምቶ ሄደ። የተጨማደደውን ክር በጣቱ አቃንቶ በእስክሪብቶ መለሰው፣ የዎክማኑን ቀበቶ ቀየረ፣ በሌላ ካሴት ሞከረው፣ ከዚያም ቀዳው። ጥቂት ሰከንዶች ታፍነዋል፤ ሌላው አልሐምዱሊላህ ተርፏል። የእርሱም ዎክማን ሁለት ቀዳዳ ያለው ነበር። አንዱን ማዳመጫ ለሴት አያቱ፣ ሌላውን ለራሱ አድርጎ አብረው እንዳዳመጡ ነገረን። አያቱ በካሴቱ ላይ ሰላምታ ሲያቀርቡ እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ወዐለይኩም ሰላም” ብለው መለሱ።