ተጨማሪ መረጃ፦ ግራፊክስ ካርድ ስንት ዋት ይፈልጋል?

ግራፊክስ ካርድ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የምታዩትን ምስል አስልቶ የሚያወጣ ክፍል ነው። አዲስ ሲገዛ ብዙ ሰው ፍጥነቱን እንጂ የሚፈልገውን ኃይል አይጠይቅም። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው ረጅም ማስገቢያ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ካርድ ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ገመድ ይሳብለታል፤ የተለመደው ባለ 8 ፒን ገመድ እስከ 150 ዋት ያደርሳል። ይህን ኃይል ለገመዱ 12 ቮልት ስናካፍለው 12.5 አምፒር ይሆናል፤ ቀላል አይደለም!

ካርዱ የሚገጠመው የኮምፒውተሩ ሶኬት ተነቅሎ፣ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ነክቶ ነው።

በመምህራችሁ እርዳታ የአንድ ኮምፒውተር ኬዝ ክፈቱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። በ12 ቮልት ስንት አምፒር ይሰጣል? ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።