ለአካባቢ የሚበጅ ጀማሪ ኩባንያ በምን ይኖራል?



በየዓመቱ አካባቢን የሚጠብቅ ኩባንያ ለማቋቋም ያቀዱ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን «ሥራችን ለአካባቢ ስለሚጠቅም ገበያው ይቀበለናል» የሚለው መነሻቸው ያሳስበኛል። ዛሬ ይህን መነሻ በሁለት ኩባንያዎች ታሪክ እመረምራለሁ።

ችግሩ ከምጣኔ ሀብት ሀሁ ይጀምራል። ንጹሕ አየር የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ብክለትን የሚቀንስ ኩባንያ ጥቅሙን ለሁሉም ያድላል፣ ወጪውን ግን ብቻውን ይሸከማል። ተፎካካሪው በአንጻሩ ለሚያደርሰው ብክለት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ይህን ልዩነት የሚሸፍን ገቢ ያላገኘ ጀማሪ ኩባንያ፣ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ካፒታሉ ሲያልቅ ይዘጋል።

ሻይ አጋሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋመው ቤተር ፕሌስ ለዚህ ምስክር ነው። ኩባንያው በእስራኤልና በዴንማርክ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በጥቂት ደቂቃዎች የሚቀየርባቸውን ጣቢያዎች ዘረጋ፤ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይም ሰበሰበ። ሆኖም ጣቢያ በሌለበት መኪናውን የሚገዛ የለም፤ መኪና በሌለበትም ጣቢያው ገቢ አያገኝም። ስለዚህ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት መረቡ መዘርጋት ነበረበት። አገልግሎቱ የተመሠረተው በአንድ የሬኖ ሞዴል ላይ ብቻ ሲሆን፣ የተሸጡት መኪናዎች 1,500 አልሞሉም። በግንቦት 2013 ኩባንያው ለመፍረስ ወደ ፍርድ ቤት አመለከተ። አበው «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከቤታችን ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የጫማ ሶል እየሠራ ለውጭ ገበያ አቀረበ። ጎማው የተጣለ ነበር፤ ሙያውም በበረባሶ ሠሪዎች እጅ የኖረ ነው። እዚህ ላይ አካባቢን መጠበቅና ወጪን መቀነስ አንድ ተግባር ሆኑ። ሥራው በጥቂት ጫማ ሊጀመርና ከሽያጩ ጋር ሊያድግ ይችል ነበር።

ሁለቱ ኩባንያዎች በመጠንም በዘርፍም ስለሚለያዩ ሕግ አላወጣባቸውም። አንዳንድ ጠቃሚ ሥራ በባሕርዩ ግዙፍ መነሻ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሥራ ያለ መንግሥት ድጋፍና ያለ ታጋሽ ካፒታል በጀማሪ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል የለበትም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ዕቅዳችሁን ስትጽፉ «አካባቢ» የሚለውን ቃል ለጊዜው አውጡትና ደንበኛው አሁንም ይገዛችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ «አይገዛም» ከሆነ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍልና እስከ መቼ እንደሚከፍል በቁጥር አስቀምጡ። የተዘጋ ኩባንያ ወንዝ አያጸዳም፤ ዛፍም አይተክልም።