ማይካርታ፦ ከጨርቅ የሚሠራ የቢላ እጀታ

ማይካርታ ሲነኩት እንጨት፣ ሲያንኳኩት ድንጋይ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጨርቅ ነው። ሸራ ወይም ወረቀት ፊኖሊክ በሚባል ሬዚን ይነከርና ተደራርቦ በሙቀትና በከባድ ግፊት ይጠቀጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ያወጣው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ መከለያ እንዲሆን ነበር። እርጥበት እንደ እንጨት ስለማያሳብጠው፣ ድርቀትም ስለማይሰነጥቀው ቢላ ሠሪዎች ወደዱት። ጂ-ቴን የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ከመስታወት ክርና ከኢፖክሲ ይሠራል።

እጀታው ከብረቱ ግራና ቀኝ የሚለበጡ ሁለት ቁራጮች ነው። ወደ ስለቱ የሚያየው ጫፋቸው ከመጣበቁ በፊት ተለስልሶ ማለቅ አለበት፤ ከተጣበቀ በኋላ ብረቱን ሳይጭሩ እዚያ መድረስ ያስቸግራልና። ሙጫ የሚነካው የውስጥ ገጽ በአንጻሩ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ሙጫ ልሙጥ ነገር አይወድም።

ሙጫው ሲደርቅ ቅርጹ በሞረድ ይወጣል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ተራ ነው፦ 120፣ 220፣ 400፣ 600። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። በርዝመቱ ያሻሹ እንደሆነ ቀጣዩን ወረቀት በአግድም ያሻሹ፤ የቀደመው ጭረት ካልጠፋ ወዲያው ይታያል። በ120 ያልጠፋ ጭረት በ600 ይደበቅ ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ እጀታው ሲያብረቀርቅ ብቅ ይላል። ጎኑ እየተጠጋጋ ሲሄድ የጨርቁ ድርቦች እንደ ተራራ ካርታ መስመር አንዱ በአንዱ ውስጥ እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። በማሽን የሚሠራ ሰው እጀታው ለጣት እስኪያቃጥል ድረስ አይጫን፤ ሙቀት ሙጫውን ያላላል።

አቧራው ቀልድ አይደለም። በተለይ የጂ-ቴን ብናኝ መስታወት ስላለበት ሳንባንም ቆዳንም ይጎዳል። ስለዚህ ውኃ የሚችለውን ወረቀት እያራሱ መሥራትና ለብናኝ የተሠራ ማስክ ማድረግ ግድ ነው። በሚሽከረከር የማወልወያ ጎማ የሚጠቀም ደግሞ ስለቱን አስቀድሞ በፕላስተር ይጠቅልል፤ ጎማው ስለቱን ከያዘ ቢላውን ነጥቆ ይወረውራል።

ታዲያ እስከ የት ይለስልስ? እስከ 2000 ተሂዶ ቢወለወል ማይካርታ እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን በረጠበ እጅ ያሟልጫል። 400 ላይ ቆመው ዘይት ቢቀቡት ቀለሙ ይጠቁራል፣ እጅም ይይዛል። ለመደርደሪያ የሚሆነው ያብረቅርቅ፤ ሥራ ለሚሠራበት ቢላ ግን 400 ይበቃዋል።