ሰንፔር ምን ይፈራል?

በሰዓት መስታወት ላይ ጭረት ሲታይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ይላከካል። ሁለቱም ግን በአብዛኛው ከደሙ ንጹሕ ናቸው። የተለመደው የበር ቁልፍ የሚሠራው ከናስ ነው፤ ናስ ደግሞ ከመስታወት ይለሰልሳል። ቢፋተጉ የሚፋቀው ናሱ እንጂ መስታወቱ አይደለም። እውነተኛው ጠላት ከቁልፉ ጋር ኪስ ውስጥ የሚያድር፣ በእጅጌ ላይ የሚያርፍ፣ በበጋ ነፋስ ከመንገድ ዳር የሚነሳ የአሸዋ ቅንጣት ነው። በአሸዋና በአቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ። ኳርትዝ መስታወትን ይጭራል።

ማን ማንን እንደሚጭር በሥርዓት ያሰለፈው ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 አሥር ማዕድናትን በደረጃ አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ያለውን ይጭራል፣ ከበላዩ ባለው ይጫራል። በጥፍር የሚፋቀው ታልክ 1ኛ ነው፤ አልማዝ 10ኛ ነው። ኳርትዝ 7ኛው ላይ፣ ኮረንደም 9ኛው ላይ ተቀምጠዋል። ተራ የሰዓት መስታወት በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቢገባ ቦታው 5 ተኩልና 6 አካባቢ ነው፤ ከአቧራው በታች ማለት ነው። የሰዓት ነጋዴ «ሰንፔር ነው» ሲል የሚናገረው ስለ ኮረንደም ነው፤ ከአቧራው በላይ ስላለው።

የሞስ ደረጃዎች እኩል እንደማይራራቁ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የአልማዝ ጫፍ ተጭኖ የሚተወውን ምልክት በሚያነበው የቪከርስ መለኪያ ተራ መስታወት ከ500 እስከ 600፣ ሰንፔር ደግሞ 2000 አካባቢ ያስመዘግባል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍን ያልፋል። በሞስ ሰልፍ ከሰንፔር አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ የሚታየው አልማዝም በእውነተኛው ልኬት በብዙ እጥፍ ይርቀዋል።

ኮረንደም አሉሚኒየምና ኦክስጅን የተዋሃዱበት ክሪስታል ነው። ጥቂት ክሮሚየም ከገባበት ይቀላና ሩቢ ይባላል፤ ብረትና ታይታኒየም ሲገቡበት ሰማያዊው ሰንፔር ይሆናል። ባዕድ ነገር ካልገባበት ቀለም የለውም፤ ለሰዓት የሚፈለገውም ይኸኛው ነው። የተፈጥሮ ሰንፔር በአገራችንም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ፣ በአክሱም አካባቢ የተገኘው ሰማያዊ ሰንፔር በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ታውቋል። የወሎ ደላንታ ኦፓል በውበቱ የሚደነቅ ቢሆንም ጥንካሬው ከተራ መስታወት ብዙም አይርቅም፤ የኦፓል ቀለበት የሚያደርግ ሰው ከአቧራ ሊጠብቀው የሚገባው ለዚህ ነው።

የሰዓት መስታወት የሚሆነው ሰንፔር ግን ከመሬት አይቆፈርም። በምድጃ ይበቅላል። መንገዱን የከፈተው ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርኑይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰው ሠራሽ ሩቢ የሚሠራበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ እየተነሰነሰ ይወርዳል። ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ዱቄቱ እየቀለጠ ከታች በቆመ ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ይረጋል፣ በላዩ ሌላው ይጨመራል፤ በሰዓታት ውስጥ አንድ ወጥ ክሪስታል ቆሞ ይገኛል። ተፈጥሮ በጥልቅ ምድር ውስጥ የምትሠራውን ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ ከዱቄት ማውጣት መቻሉ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

የሰዓት ሠሪዎችና የኮረንደም ዝምድና ከዚህም በፊት የጀመረ ነው። በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ስዊሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኒኮላ ፋሲዮ ከአጋሮቹ ጋር የተበሳ ሩቢ ለሰዓት ሞተር የሚውልበትን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1704 በለንደን አግኝቶ ነበር። የሰዓቱ ጥርሳማ ጎማዎች ዘንግ በብረት ላይ ከሚሽከረከር በሩቢ ቀዳዳ ውስጥ ቢሽከረከር አይበላም፣ አይጎተትም። በአባቶቻችን የእጅ ሰዓት ፊት ላይ «17 ጁወልስ» ተብሎ የተጻፈው የእነዚህን ድንጋዮች ቁጥር ይናገራል። ስለዚህ ኮረንደም በሰዓት ሆድ ውስጥ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ነው ፊት ላይ የወጣው። ራዶ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ዲያስታር በተባለው ሰዓቱ ጠንካራ የካርባይድ ቀፎን ከሰንፔር መስታወት ጋር አጣምሮ «የማይጫር» ብሎ ለገበያ አቀረበ። ሮሌክስ የመጀመሪያውን የሰንፔር ሰዓቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ንጥረ ነገሩ አይደለም፤ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ርካሽ ነው። ውዱ ሥራው ነው። የበቀለው ክሪስታል በአልማዝ በተለበጠ ሽቦ ይቆረጣል፣ በአልማዝ ዱቄት ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ተራ መስታወትን በሙቀት አለስልሶ ማጉበጥ ይቻላል። የሰንፔር ጉብታ ግን ከወፍራም ቁራጭ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ጎበጥ ያለ ሰንፔር ያለው ሰዓት ከዝርጉ የሚወደደው ለዚህ ነው። ስፋት ሲጨምር ደግሞ ፈተናው ይብሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ ጋር ተዋውሎ በአሪዞና፣ ሜሳ ከተማ ትልቅ የሰንፔር ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር፤ አምራቹ ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። የእጅ ሰዓት ፊት ትንሽ መሆኑ ለሰንፔር ምቹ ቤት አድርጎታል።

እንግዲህ ይህን ድንጋይ የሚጭረው ምንድን ነው? አልማዝ ይጭረዋል፤ የአልማዝ ቀለበት ያደረገ እጅ ከሰዓቱ ጋር እንዳይፋተግ መጠንቀቅ አለበት። ሲሊኮን ካርባይድ ይጭረዋል። ራሱ ኮረንደምም ኮረንደምን ይጭራል፤ አናጢው የሚጠቀምበት ብርጭቆ ወረቀት፣ የግራይንደር ዲስክ፣ አንዳንድ የጥፍር ሞረድ ከእነዚህ ማዕድናት የተሠሩ ናቸው። በእንጨትና በብረት ሥራ ላይ የሚውል ሰው ሰዓቱን ቢያወልቅ ይሻለዋል። ከእነዚህ ውጭ መንገዱ፣ ግንቡ፣ የዓረብ አገሩ በረሃ አሸዋ እንኳ ሰንፔርን መጫር አይችልም።

«የእኔ ሰንፔር ግን ተጭሯል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የሚያዩትም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከሁለት ነገር አንዱ ነው። የመጀመሪያው የብረት ቅሪት ነው። የብረት ዕቃ ጠርዝ በሰንፔር ላይ ሲፋተግ የሚፋቀው ብረቱ ይሆንና ግራጫ መስመር ትቶ ይሄዳል፤ በላጲስ ቢሹት ይለቃል። ሁለተኛው ቅብ ነው። ሰንፔር ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፤ ብርሃን በሁለቱ ገጾቹ ሲያልፍ 14 በመቶ ገደማ ይንጸባረቃል፣ በተራ መስታወት ግን 8 በመቶ ገደማ ብቻ። በፀሐይ ሰዓቱ እንዲነበብ ታስቦ ስስ ፀረ ነጸብራቅ ቅብ ይቀባል፤ ቅቡ ከሰንፔሩ ይለሰልሳል። ውጭውም ውስጡም የተቀባ ሰዓት ጥርት ብሎ ይነበባል፣ የውጩ ቅብ ግን ከጊዜ ጋር ይጫራል። እኔ ውስጡ ብቻ የተቀባውን እመርጣለሁ፤ ጥቂት ነጸብራቅ ይታገሱታል፣ የተጫረ ቅብ ግን በቀላሉ አይታደስም።

ጭረትን መቋቋምና ስብራትን መቋቋም ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ገዢዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ሰንፔር ደካማ አይደለም፤ በእኩል ውፍረት ከተራ መስታወት የበለጠ ጫና ይችላል። ነገር ግን አይለጠጥም፤ ግትርነቱ ከመስታወት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ሰዓቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ በጠርዙ ሲወድቅ የምቱ ኃይል በአንዲት ነጥብ ይሰበሰባል፤ ጠርዙ ይሸረፋል ወይም መሃሉ ይሰነጠቃል። ስብርባሪው ከሰዓቱ ፊትና ከሞተሩ በላይ ጠንካራ ስለሆነ ውስጥ ከገባ ያበላሻል።

መስታወት ሠሪዎች ለስብራት ያገኙት መልስ ሌላ ነው። ሶዲየም ያለበትን መስታወት በ400 ዲግሪ አካባቢ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነክሩታል። ከገጹ ላይ ትንሹ ሶዲየም ይወጣል፣ በቦታው ትልቁ ፖታሲየም ይገባል። በታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ከተቀመጡት አንዱ ቀጭን ወርዶ ወፍራም ሲተካ ሁሉም እንደሚጨናነቁ፣ የመስታወቱም ገጽ ተጨናንቆ ይቀራል። ስንጥቅ እንዲሰፋ ገጹ መከፈት አለበት፤ የተጨናነቀ ገጽ ግን በቀላሉ አይከፈትም። የኮርኒንግ ጎሪላ ግላስ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው አፕል ዎችም ሁለቱን አሰላለፈ፤ የአሉሚኒየሙ በዚህ ዓይነት የተጠናከረ መስታወት፣ የብረቱ ሰንፔር ነበረው። የተጠናከረው መስታወት ውድቀትን በደንብ ይችላል፤ በኳርትዝ ግን እንደ ማንኛውም መስታወት ይጫራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይዘነጋል። ጭረት መልክ ማበላሸት ብቻ ሳይሆን የስንጥቅ መነሻም ነው። አዲስ ሆኖ በውድቀት ሙከራ የተመሰገነ መስታወት ሁለት ዓመት በአቧራ ከተፋተገ በኋላ ያው መስታወት አይደለም፤ ጥልቅ ጭረት ባለበት ቦታ በቀላል ምት ይከፈታል። ሰንፔር ከዓመታት በኋላም በመጀመሪያው ቀን ጥንካሬው ይገኛል። ለረጅም ዘመን፣ ለልጅም ለማውረስ ለሚታሰብ ሰዓት ሰንፔርን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ኳስ ለሚጫወት፣ ተራራ ለሚወጣ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ለሚጥል ሰው የተጠናከረው መስታወት ይሻላል፤ ሲሰበርም የመተኪያው ዋጋ ይቀላል።

የተረሳ ሦስተኛ ወንድም አላቸው፤ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጠፈርተኛው በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲረግጥ እጁ ላይ የነበረው የኦሜጋ ስፒድማስተር መስታወት አክሪሊክ ነበር። በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ቢንሳፈፍ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ አክሪሊክ ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይበታተንም። በጥፍር ጫፍ የሚጫር እስኪመስል ድረስ ቶሎ ይጫራል፤ ግን ጥቂት የጥርስ ሳሙና ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ቀላሉን ጭረት ያጠፋል። የድሮ ሰዓት ያላቸው ሰዎች መስታወቱ ስለደበዘዘ ብቻ ወደ መጣል ባይቸኩሉ ደስ ይለኛል።

የሚሸጠው ሰንፔር መሆኑን ለማወቅ ብዙዎች የውሃ ጠብታ ያንጠባጥባሉ፤ ቅብ ያለበት ገጽ ግን ያሳስታል። የተሻለው ፍንጭ ቅዝቃዜ ነው። ሰንፔር ሙቀትን ከመስታወት ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የቆየን ሰዓት ከንፈር ላይ ቢያስነኩት ከተራው መስታወት ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውም ቶሎ አይለቅም። ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ይዞ ማወዳደር ይበጃል። ጽዳት ላይ ደግሞ አቧራ የለበሰን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ወይም በሸሚዝ ጫፍ መወልወል ኳርትዙን በገጹ ላይ መጎተት ነው። ውሃ የማያስገባ ሰዓት ከሆነ መጀመሪያ በውሃ ይለቅለቅ፤ ካልሆነ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ ጨርቁ ከዚያ በኋላ ይምጣ።